«ነገር እስኪጠራ» የቆመው ገንዘብ፦ «አለመረጋጋት እድገትን አያግድም» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰዎች ልከውልኛል። ርእሱ «አለመረጋጋት እድገትን አያግድም» ይላል። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው። ኢትዮጵያ ጦርነት ውስጥ ሆና እንኳ አድጋለች። አዲስ አበባ በችግር መሀል ተገንብታለች። የውጭ ባለሀብትም መምጣቱን አላቆመም። ደቡብ ኮሪያና ባንግላዴሽ መፈንቅለ መንግሥቱንና ረብሻውን እየቻሉ ነው ያደጉት። የእኛም ነጋዴ ችግሩን ለምዶታል። ስለዚህ መጀመሪያ ኢኮኖሚው ይደግ፤ ሰላሙ ራሱ ይከተላል።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ለአገራቸው የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ክፉ ወሬ የሰለቸውን ሰው ማበረታታት ፈልገዋል። እሱን አከብራለሁ። ግን በዚህ መንገድ የሚሰጥ ተስፋ ያስፈራኛል። አለመረጋጋት ጉዳት የለውም ካልን፣ ለማስቆም የምንቸኩልበት ምክንያት አይኖረንም።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ቢሮዬ ፒያሳ ነው፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ። ደንበኞቼ ግን አብዛኞቹ የመርካቶ ሰዎች ናቸው። ጫማ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ጎማ፣ ጨርቅ የሚነግዱ። የነጋዴ መዝገብ ሳገላብጥ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖኛል። የጸሐፊውን ነጥቦች አንድ በአንድ የማየውም በዚያ ዓይን ነው። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ በፈረንጆቹ ሲሆን እናገራለሁ።

ከቁጥሩ ልጀምር። ጸሐፊው «በጦርነቱ ዓመታት እንኳ በየዓመቱ ከ6 በመቶ በላይ አድገናል፤ ታዲያ ምን ቀረብን?» ብለው ይጠይቃሉ። ያቀረቡት ቁጥር ስህተት የለበትም። በመንግሥት ሪፖርት ኢኮኖሚው በ2013 በ6.3፣ በ2014 በ6.4 በመቶ አድጓል። ጥያቄው ከምን ጋር እናወዳድረው ነው። በ2011 እድገቱ 9 በመቶ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ ዓመታት ደግሞ ይፋዊው አማካይ ወደ 10 በመቶ ይጠጋ ነበር።

ልዩነቱን ሁሉ በጦርነቱ አላሳብብም። በ2012 ኮቪድ መጣ። አንበጣም ነበር። የዶላር እጥረቱም ቀደም ብሎ የጀመረ ነው። ግን ከ9 ወደ 6 የወረደ ቁጥር ይዞ «ምንም አልቀረብንም» ማለት አይቻልም።

«ሦስት በመቶ ምን አላት?» የሚል ይኖራል። ወረቀት ላይ እናስላው። ኢኮኖሚው 100 ብር ነው እንበል። በየዓመቱ 9 በመቶ ካደገ በአምስት ዓመት 154 ብር ይደርሳል። 6 በመቶ ከሆነ 134 ብር ላይ ይቀራል። በአምስት ዓመት ብቻ የ20 ብር ልዩነት። ደግሞ ሕዝቡ በየዓመቱ 2.5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እሱን ቀንሱት። ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው እድገት ከ4 በመቶ በታች ይሆናል። ደሃ አገር በዚህ ፍጥነት ቶሎ አይደርስም።

አሁን ደግሞ ቁጥሩ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ጸሐፊው ይህን አልነኩትም። ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት የሚለካው በዓመቱ ውስጥ የተመረተውን ነው። የፈረሰውን አይቀንስም። ድልድይ በከባድ መሣሪያ ሲመታ ከምርቱ ላይ የሚነሳ ነገር የለም። ድልድዩ ሲጠገን ግን የሲሚንቶው፣ የብረቱና የጉልበቱ ዋጋ ይደመራል። የወታደሩ ደመወዝም የመንግሥት አገልግሎት ተብሎ ይቆጠራል። ከእኔ ሥራ ጋር ሳመሳስለው፣ የሱቁ ግማሽ ተቃጥሎ ሽያጩን ብቻ እንደመመዝገብ ነው። ሽያጩ ያው ሊሆን ይችላል። ንብረቱ ግን የለም። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ራሱ ለመልሶ ግንባታ ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ብሏል። ይህ ገንዘብ በዚያ 6 በመቶ ውስጥ የለም። ወደፊት የምንከፍለው ነው።

ትግራይ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ባንክ ተዘግቶ ነበር። ስልክም መብራትም ተቋርጦ ነበር። እዚያ ያለ ሰው ምን አጣ የሚለውን የትኛው ቁጥር በትክክል ይነግረናል? በጥቅምት 2014 የዓለም የገንዘብ ድርጅት የዓለም ኢኮኖሚ ትንበያውን ሲያወጣ፣ ለኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2026 ያለውን ክፍት ነው የተወው። ምክንያቱን ሲጽፍ እርግጠኛ ያለመሆኑ መጠን ከተለመደው በላይ ነው አለ። መተንበይ ሥራው የሆነ ተቋም አምስት ዓመት አስቀድሞ ማየት ካቃተው፣ የመርካቶ ጫማ ነጋዴ እንዴት አድርጎ ይየው?

የዋጋ ንረቱን ጸሐፊው በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈውታል። በ2014 በአማካይ ወደ 34 በመቶ ገደማ ነበር። የእድገቱ ቁጥር የዋጋ ንረት ተቀንሶለት ነው የሚሰላው። የደመወዝተኛ ኪስ ግን ማንም አያስተካክልለትም። እኔ የደመወዝ መክፈያ የምሠራላቸው ሠራተኞች በዚያ ዓመት ምን ያህል የምሳ አበል ይጨመርልን እያሉ እንደለመኑ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ ሕንፃዎቹ ናቸው። ጸሐፊው «ከፒያሳ እስከ ለገሃር ቁልቁል ተመልከቱ፤ ይህ የቆመ አገር ይመስላል?» ብለው ይጠይቃሉ። በየቀኑ የምሄድበት መንገድ ስለሆነ በደንብ አየዋለሁ። ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። የተመረቀው በየካቲት 2014 ነው። ጸሐፊውም «በጦርነት መሀል» ያሉት ለዚህ ነው። ግን ግንባታው የተጀመረው ከስድስት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ያኔ የተወሰነ፣ ያኔ የተፈረመ ሥራ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ሁሉ የትናንት ውሳኔ ነው። አለመረጋጋት የጀመረውን ሁሉ አያቆምም። የሚያቆመው ሊጀመር የታሰበውን ነው። ያልተጀመረ ነገር ደግሞ ከቸርችል ጎዳና ላይ ቆሞ አይታይም።

የኮሪደር ልማቱም ቢሆን በዋናነት በመንግሥት የሚመራ ሥራ ነው። መንገድ ሲሰፋ፣ መብራት ሲበራ ደስ ይለኛል። ግን ክርክራችን የግል ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ረጅም ጊዜ በሚፈልግ ሥራ ላይ ያውላል ወይ የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ ሕንፃ ሳይሆን የሕንፃ ታሪክ ነው። የፒያሳን ታሪክ ላንሳ።

የድሮው ፒያሳ በሰገነቱና በእንጨት ሥራው የሚያምር ሰፈር ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አዋጁ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ብዙ ደሃ ተከራይ ተጠቅሞበታል፤ እናቴ ያደገችው በቀበሌ ቤት ነው። ግን ከዚያ በኋላ ቤቱ የማን ሆነ? ተከራዩ ባለቤት ስላልሆነ አያድሰውም። ቀበሌው በዚያች ኪራይ ማደስ አይችልም። የቀድሞው ባለቤት ወይ ተሰዷል ወይ አዝኖ ተቀምጧል። ጣሪያው ሲያፈስ ላስቲክ ጣል ይደረግበታል። ደረጃው ሲበሰብስ ጣውላ ይመታበታል። ሰው ሁሉ «ነገ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም» እያለ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ደረሰ። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ከነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ በእርጅና ሊወድቁ የደረሱ ነበሩ።

ይህን የማነሳው አለመረጋጋት ማለት ተኩስ ብቻ ስላልሆነ ነው። ፒያሳን ያስረጀው ተኩስ አልነበረም። የነበረው ሥርዓት ሲለወጥ ሁሉ አብሮ ሊለወጥ ይችላል የሚል ስጋት ነው። ያ ስጋት አንዴ ከገባ ቶሎ አይወጣም። አሁንም ድረስ ሽማግሌ ደንበኞቼ «ቤትና መሬት ላይ ብዙ አትጣሉ» ይላሉ። እነሱ በ1967 ወጣት ነበሩ።

ስለ ውጭ ባለሀብት ደግሞ ጸሐፊው የእ.ኤ.አ. 2021ን ቁጥር ይዘው መጥተዋል። በዚያ ዓመት ወደ አገር የገባው የውጭ ቀጥታ ኢንቨስትመንት በእርግጥ ጨምሯል። ግን በዚያ ጭማሪ ውስጥ አንድ ነገር ብቻውን ትልቅ ድርሻ አለው፦ የቴሌኮም ፈቃድ። በኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። መልካም ነው። ግን የዚያን ጨረታ ሙሉ ታሪክ እንናገር። መንግሥት ያቀረበው ሁለት ፈቃድ ነበር። ከ100 ሚሊዮን ሕዝብ በላይ ያለው ገበያ ነው፤ እንዲህ ያለ ገበያ በዓለም ላይ ብዙም አልቀረም። ዋጋ ያስገቡት ግን ሁለት ድርጅቶች ብቻ ናቸው። ሁለተኛው፣ የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን፣ 600 ሚሊዮን ዶላር አቀረበ፤ አነሰ ተብሎ ውድቅ ሆነ። አንዱ ፈቃድ ሳይሸጥ ቀረ። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት መጀመሪያ ላይ አለመፈቀዱም ተጫራቾችን አቀዝቅዟል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ግን ጨረታው የተከፈተው ጦርነቱ በተጀመረ በስድስተኛው ወር አካባቢ ነው። ገዢው ዋጋ ሲያሰላ ይህን አላየም ማለት አይቻልም።

ሐዋሳን ጸሐፊው ጨርሰው አላነሱም። በኅዳር 2014 ፒቪኤች የሚባለው የአሜሪካ ልብስ አምራች በኢንዱስትሪ ፓርኩ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ምክንያቴ ያለው የአገሪቱን ሁኔታ በፍጥነት መባባስ ነው። ፓርኩን ከጅምሩ ካመጡት ኩባንያዎች አንዱ እሱ ነበር። በታኅሣሥ ወር ደግሞ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመሸጥ ዕድላችን፣ አጎዋ የሚባለው፣ ታገደ። ምክንያት የተደረገው በጦርነቱ ተፈጸመ የተባለው የሰብአዊ መብት ጥሰት ነው። እዚያ ይሠሩ የነበሩት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ደመወዛቸው ትንሽ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን የመጀመሪያ ደመወዛቸው ነበር። ከእነሱ መካከል ማናቸውም ጦርነቱን አልጀመሩም።

ሌላም አለ። መንግሥት በ2007 ከዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር ሲበደር ወለዱ 6.625 በመቶ ነበር። ያኔ አበዳሪዎቹ ተሻምተው ነው የሰጡን። በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። መንግሥት ለሁሉም አበዳሪ እኩል አያያዝ ለመስጠት ነው ብሏል። ዕዳው የተጠራቀመውም በአንድ ምክንያት አይደለም። ግን ጦርነቱ ወጪ ሲጨምር፣ ለጋሾች የበጀት ድጋፍ ሲያቆሙ፣ ኤክስፖርቱ ሲጎዳ፣ ሁሉም የመጣው በአንድ በር ነው። የጎደለው ዶላር በመጨረሻ የተጠየቀው ከነጋዴው ነው። ያኔ መርካቶ ዶላር ለማግኘት ስንት ወር ወረፋ ይጠበቅ እንደነበር ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም።

ደቡብ ኮሪያና ባንግላዴሽ ላይ አልቆይም። የደቡብ ኮሪያው መሪ ፓርክ ቹንግ ሂ እ.ኤ.አ. በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት መጣ፤ እውነት ነው። ግን ከዚያ በኋላ እስከ 1979 እሱ ራሱ ነው የገዛው። አምባገነን ነበር፤ ብዙ ሰው አሳስሯል፣ ያንን መንገድ ለማንም አልመኝም። ለነጋዴው ግን ሕጉ በየዓመቱ አልተገለበጠበትም። እሱ ተገድሎ አዲስ መፈንቅለ መንግሥት ሲመጣ፣ በ1980 የኮሪያ ኢኮኖሚ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ ሄደ። የነዳጅ ዋጋውም ድርሻ ነበረው። ቢሆንም ጸሐፊው የጠቀሱት ምሳሌ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ባንግላዴሽም እንዲሁ። ከ6 በመቶ በላይ ሲባልለት የነበረው እድገቷ ቀደም ብሎም ቀዝቅዞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ክረምት ረብሻው ሲነሳ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የልብስ ፋብሪካዎች ሲዘጉ ይበልጥ ወረደ።

ሩቅ ከመሄድ ይልቅ ናይሮቢን ብናይ ይሻላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ 7 በመቶ ገደማ አድጋ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ምርጫ ተካሄደ። ውጤቱ ላይ ጠብ ተነሳ። ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ወደ ኡጋንዳ የሚወስደው ሐዲድ ኪቤራ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ላይ ተነቀለ፤ በሌላ አገር ጠብ የካምፓላ ነዳጅ ጠፋ። የእ.ኤ.አ. 2008 እድገት ከ2 በመቶ በታች ሆነ። በዋናነት ይህን ያመጣው የሁለት ወር ግጭት ነው። በየካቲት ተፋላሚዎቹ ሥልጣን ለመጋራት ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ2010 እድገቱ ወደ 8 በመቶ ተመለሰ። ያው ሕዝብ ነው፤ መሬቱም ሻዩም አበባውም ያው ነው። የተለወጠው ፖለቲካው ነው።

ይህ የአንድ አገር ገጠመኝ ብቻ አይደለም። የኢኮኖሚ ተመራማሪው አልቤርቶ አሌሲናና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት 113 አገሮችን ከ1950 እስከ 1982 ተመልክተዋል። ያገኙት ነገር ግልጽ ነው። መንግሥት የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ባለበት አገርና ዘመን እድገቱ በጉልህ ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መንግሥቱ የግድ መውደቅ የለበትም። ሊወድቅ ይችላል ተብሎ መፈራቱ በቂ ነው።

«መጀመሪያ ኢኮኖሚው ይደግ፣ ሰላሙ ይከተላል» የሚለው ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ነጥብ ነው። ይህን አገራችን ሞክራዋለች። ከ1996 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ በአማካይ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ እድገት ሲመዘገብ ነበር። መንገዱ፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ ዩኒቨርሲቲው ያኔ ነው የበዛው። በዚያ እድገት መጨረሻ ላይ ነው በ2008 ተቃውሞው የተቀጣጠለው። መስከረም 2009 ሲያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ፋብሪካና የአበባ እርሻ ሳይቀር ተቃጠለ። እድገቱ ሰላም ይዞ አልመጣም። ልጆቹ የተነሱት መሬቱ ለማን ደረሰ፣ ሥራው ለማን ደረሰ፣ ማን ተሰማ ብለው ነው። ያ ጥያቄ በአስፋልት አይመለስም። በንግግርና በፍትሕ ነው የሚመለሰው። ድህነት ግጭትን ያባብሳል ሲሉ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ከዚያ ተነስተው ግን ፖለቲካው ይቆይ ማለታቸው ተገላቢጦሽ ነው የሆነብኝ።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ ልምጣ። «ነጋዴው ለምዶታል» ይላሉ ጸሐፊው። እዚህ ላይ ነው ለመጻፍ የተነሳሁት።

አንድ ደንበኛ አሉኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። መርካቶ የጫማ ሶል ያስመጣሉ፣ ያከፋፍላሉ። በ2012 ከማከፋፈል ወደ ማምረት ሊገቡ ወሰኑ። ጫማ መስፋትን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ቦታ ተከራዩ። ማሽኑን ከቻይና በ60,000 ዶላር ተዋዋሉ። የዶላር ወረፋቸው ሲደርስ በነበረው የባንክ ዋጋ 2.3 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው። መጀመሪያ 45 ሰው ለመቅጠር አስበው ነበር። የደመወዙን ሰንጠረዥ የሠራሁት እኔ ነኝ። የዶላር ወረፋቸውም ደረሰ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ተጀመረ።

በሳምንቱ ቢሮዬ መጡ። ቡና ታዘዘ። «እስኪ ነገሩ ይጥራ» አሉኝ። «ገንዘቡን ለጊዜው ልያዘው።»

መርካቶ ስትሠሩ ይህን ቃል በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። ነገር እስኪጠራ። በግንቦት 2013 ምርጫው እስኪያልፍ ተባለ፤ ምርጫው ወደ ሰኔ ተዛወረ። በሐምሌ የጅቡቲ መንገድና ባቡር ለቀናት ተዘጋ፤ እሱ እስኪከፈት ተባለ። በጥቅምት 2014 በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ እሱ እስኪነሳ ተባለ። ወረፋው አለፋቸው። ለማሽኑ የሰጡት ቅድመ ክፍያ በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓመት ክፍት ሆኖ ቆየ። በየዓመቱ ሰኔ 30 ሒሳብ ስዘጋ አየዋለሁ።

በዚህ መሀል የመቀሌ ደንበኞቻቸው ጠፉ። ጋሼ ለመቀሌ፣ ለደሴ፣ ለጎንደር በዱቤ ነበር የሚልኩት። መርካቶ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ዕቃው ዛሬ ይሄዳል፣ ገንዘቡ በሁለት በሦስት ወር ይመጣል። ወረቀት የለም። መተማመን ነው ወረቀቱ። ስልኩ ሲዘጋ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ እዚያ ቀረ። ገንዘቡን ብቻ አልነበረም የሚያስቡት። «ልጆቹ በሕይወት ይኖሩ ይሆን?» ይሉ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንደኛው ደንበኛቸው ደወለ። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው «ዕዳዬን አልረሳሁም» ነው። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ሰውየው ሱቁ ተዘርፎ ባዶ እጁን ነበር።

ገንዘባቸውን ጋሼ ምን አደረጉት? ብር ይዞ መቀመጥ በ34 በመቶ ንረት ውስጥ ኪሳራ ነው። ሁለት ኮንዶሚኒየም ገዙ። በቀረው ሶል አከማቹ። ዋጋው ሲወጣ ሸጡት። በመዝገቤ ላይ ጥሩ አትርፈዋል፣ ግብራቸውንም ከፍለዋል። ጸሐፊው ይህን መዝገብ ቢያዩት «ይኸው፣ ነጋዴው ለምዶታል» ይሉ ነበር። ያልተቀጠሩት 45 ሰዎች ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም። የሠራሁት የደመወዝ ሰንጠረዥ አሁንም ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። ስም የሚጻፍበት ዓምድ ባዶ ነው።

መልመድ የሚባለው ይሄ ነው። ዱቤ ቀርቶ እጅ በእጅ ሆኗል። ዋጋ ስትጠይቁ «የዛሬ ነው፣ የነገን አላውቅም» ይላችኋል። ለአዲስ አበባ እህል የሚያመጣ ሹፌር እታፈናለሁ ብሎ ሲፈራ የጭነት ዋጋ ይጨምራል፤ ያንን እንጀራው ላይ እንከፍለዋለን። በሰኔ 2012 ኢንተርኔት ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲጠፋ፣ በቴሌግራም ልብስ ይሸጡ የነበሩ ልጆች ሥራ ፈትተው ተቀመጡ። ከእነሱ አንዷ ከዚያ በኋላ ሥራውን ትታ ዱባይ ሄደች። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ትክክለኛ ነገር ነው ያደረገው። ጋሼም ትክክል ነበሩ፤ እኔ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። አንድ ሰው እጁን ሲሰበስብ ጥንቃቄ ነው። ሁሉም እጁን ሲሰበስብ ግን ፋብሪካ የሚከፍት ይጠፋል። በ2016 ሐምሌ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። ያ 2.3 ሚሊዮን ብር የነበረው ማሽን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሆነ።

ባለፈው ወር ጋሼ እንደገና መጡ። ማሽኑን አልረሱትም። ከባንክ ሊበደሩ ነው። ባንኩ የአምስት ዓመት የሥራ ዕቅድ ጠይቋል፤ እኔ እንድሠራላቸው ፈለጉ። ቁጭ ብለን የመጀመሪያውን ዓመት ሠራን። ሽያጩን፣ የቆዳውን ዋጋ፣ የማስቲሹን፣ የሠራተኛውን፣ የኪራዩን። ቁጥሩ ያምራል። ሁለተኛውንም ሠራን። ሦስተኛው ላይ ስደርስ «የቆዳው ዋጋ በዚያ ዓመት ስንት ይሁን?» አልኳቸው። ዝም አሉ። «መቀሌና ጎንደር የሚላከውስ ስንት ካርቶን ይሁን?»

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እዚህ ድረስ ያለውን ብቻ ብንሰጣቸውስ?»

«አምስት ዓመት ነው የሚፈልጉት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የቀሩትን ክፍት ተያቸው። ሳምንት እመለሳለሁ።»

ፋይሉ እስካሁን እንደዚያው ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ዓመት ባዶ ናቸው።